ጡጦው፣ መንከሻው እና ከሣጥን የወጣው መጫወቻ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዕትም በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት መመገቢያ ዕቃዎች ንጽሕና አጭር ምክር አቅርበን ነበር፤ ዕቃው በምን ይታጠብ፣ እንዴት ይድረቅ ከሚለው ያላለፈ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱን ደብዳቤዎች ግን አብዛኞቹ ንጽሕናውን ትተው ዕቃው ስለተሠራበት ፕላስቲክ የሚጠይቁ ሆነዋል። ስድስቱን መርጠን፣ የጸሐፊዎቹን ስም ትተንና ረዘም ያሉትን አሳጥረን ከዚህ በታች አቅርበናቸዋል። በመልሶቹ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የአራት ወር ሕፃን አለችኝ። የዱቄት ወተቷን የማዘጋጀው በፕላስቲክ ጡጦዋ ውስጥ ነው፤ የፈላ ውሃ ትንሽ ሲበርድ እጨምርና ዱቄቱን ሰፍሬ፣ ክዳኑን ገጥሜ እበጠብጠዋለሁ። ጡጦው ላይ «ቢስፌኖል ኤ የለውም» ተብሎ ተጽፏል። ሲገዛም እንደ መስታወት የጠራ አልነበረም፤ አሁን ደግሞ ውስጡ በብሩሽ ተጫጭሯል። ፕላስቲክ ሲሞቅ ኬሚካል ይለቃል ሲባል ስለሰማሁ ከእንግዲህ ውሃውን ለብ እያደረግሁ ብቻ ልጠቀም አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምርና፣ ውሃውን ለብ አድርገው ለመጠቀም ያሰቡትን እባክዎ ይተዉት። የዱቄት ወተት ታሽጎ ቢመጣም ከጀርም ሙሉ በሙሉ የጸዳ ምርት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ ዱቄቱ የሚበጠበጥበት ውሃ ሙቀት ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማነስ የለበትም ያለው፣ በዱቄቱ ውስጥ ሊገኙ የሚችሉትን ክሮኖባክተርና ሳልሞኔላ የተባሉ ባክቴሪያዎች የሚገድለው ይህን ያህል ሙቀት በመሆኑ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ጨቅላን በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት ሊያበቁ ይችላሉ፤ ከፕላስቲክ የሚወጣው ነገር የሚያሳስበን ግን በወራትና በዓመታት ሲደጋገም ነው። ስለዚህ መቀየር ያለበት የውሃው ሙቀት ሳይሆን ሙቅ ውሃውና ዱቄቱ የሚገናኙበት ዕቃ ነው።

«ቢስፌኖል ኤ የለውም» የሚለው ጽሑፍ የራሱ ታሪክ አለው። ቢስፌኖል ኤ፣ ፖሊካርቦኔት የሚባለው እንደ መስታወት የጠራና ጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራበት ኬሚካል ሲሆን፣ ጡጦዎች ለብዙ ዓመታት ይሠሩ የነበሩት ከዚሁ ፕላስቲክ ነው። ኬሚካሉ ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን መስሎ በሰውነት ውስጥ የመሥራት ጠባይ እንዳለው ከ1930ዎቹ ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ መንግሥታት ከጡጦ ያስወጡት ግን ከሰባ ዓመታት በላይ ቆይተው ነው። ካናዳ በ2010፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2011 አገዱት፤ አሜሪካም በ2012 ለጡጦና ለሕፃናት መጠጫ ኩባያ እንዲውል ሰጥታው የነበረውን ፈቃድ አነሣች። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ደግሞ በ2023፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ቢወስደው አይጎዳውም የሚባለውን መጠን በአንድ ጊዜ 20,000 እጥፍ ዝቅ አድርጎ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 0.2 ናኖግራም አደረሰው። የጀርመን የአደጋ ምዘና ተቋም በዚህ ሳይስማማ የራሱን 200 ናኖግራም አስቀምጧል። በባለሙያዎች መካከል ይህን ያህል ልዩነት መኖሩ ለወላጅ የሚያጽናና አይደለም፤ ሆኖም ሁለቱም ቁጥሮች ቀድሞ ይሠራበት ከነበረው 4 ማይክሮግራም (ማለትም 4,000 ናኖግራም) በብዙ እጥፍ ያነሱ መሆናቸው አቅጣጫውን ይናገራል።

ጽሑፉ ግን የሚያረጋግጥልዎ ያ አንድ ኬሚካል አለመኖሩን ብቻ ነው፤ በቦታው ምን እንደገባ አይነግርዎትም። አንዳንድ አምራቾች ፖሊካርቦኔትን ትተው የወሰዱት ፕላስቲክ ቢስፌኖል ኤስ ከተባለው የቅርብ ዘመዱ የሚሠራ ሲሆን፣ ይህም ኬሚካል በሆርሞን ላይ ተመሳሳይ ጠባይ እንዳለው በኋላ ታውቋል። ነገሩ ሌባውን አሰናብቶ ወንድሙን ዘበኛ አድርጎ እንደ መቅጠር ነው።

የእርስዎ ጡጦ ከመጀመሪያውም የጠራ ካልነበረ ፖሊፕሮፒሊን ሳይሆን አይቀርም። ይህ ፕላስቲክ በቢስፌኖል አይሠራም፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ይረጋጉ። ነገር ግን በ2020 የታተመ የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ጥናት፣ የፖሊፕሮፒሊን ጡጦዎች በመመሪያው መሠረት በሙቅ ውሃ ወተት ሲበጠበጥባቸው በአንድ ሊትር እስከ 16 ሚሊዮን የሚደርሱ የደቀቁ የፕላስቲክ ብናኞች እንደሚለቁ አሳይቷል። ብናኞቹ በሕፃን አካል ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ገና በጥናት ላይ ያለ ጉዳይ ቢሆንም፣ ቁጥሩን የሚያበዙት ሙቀትና መበጥበጥ መሆናቸው ግልጽ ነው፤ ሁለቱንም ደግሞ ከጡጦው ማራቅ ይቻላል።

ውሃውን ፕላስቲክ ባልሆነ ማፍያ ያፍሉ። ዱቄቱን በመስታወት ወይም በማይዝግ ብረት ዕቃ ውስጥ በሙቅ ውሃ ይበጥብጡት፤ ሕፃኗ ልትጠጣው በምትችልበት መጠን ከበረደ በኋላ ብቻ ወደ ጡጦው ይገልብጡት። ጡጦውን ቀቅለው ወይም በእንፋሎት አጽድተው ሲጨርሱ ወተቱ ከመግባቱ በፊት ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ያለቅልቁት። ወተት በጡጦ እንዳለ በማይክሮዌቭ አያሙቁ፤ ከፕላስቲኩ ሌላ፣ ማይክሮዌቭ ወተቱን እኩል ስለማያሞቀው ጡጦው በእጅ ሲነካ ለብ ብሎ ሳለ መሐሉ አፍ ሊያቃጥል ይችላል። የተጫጫረውን ጡጦ ግን ይተኩት፤ ጭረት ለባክቴሪያም መደበቂያ ነው። የመስታወት ጡጦ መግዛት ከቻሉ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ይቀልልዎታል፤ ክብደቱንና መሰበሩን አስበው ሕፃኗ ራሷ እስክትይዝ ድረስ ብቻ መጠቀምም ይቻላል።

ጥያቄ፦ ለዘጠኝ ወር ወንድ ልጄ በገላ መታጠቢያው ውስጥ የሚጫወትባቸው ለስላሳ የላስቲክ እንስሳት ገዛሁለት። ከረጢቱን ስከፍተው ሽታው ራስ የሚያዞር ነበር። ሁለት ቀን ንፋስ ላይ አሰጥቼው ሽታው ጠፋ። ልጁ ጥርስ እያበቀለ ስለሆነ አፉ ውስጥ ያስገባቸዋል። ሽታው ስለጠፋ ስጋት የለም ማለት ነው?

መልስ፦ የሽታው መጥፋት መልካም ነው፤ ለመፍረድ ግን አይበቃም። ከረጢቱ ሲከፈት አፍንጫን የሚመታው፣ ከማምረቻው ሂደት የቀሩና በቀላሉ የሚተኑ ማሟሟያዎች ሽታ ነው፤ እነዚህ በእርግጥም በንፋስ ይወጣሉ። የላስቲኩ ለስላሳነት የመጣው ግን ከሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለ መጫወቻ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከፒቪሲ ሲሆን፣ ፒቪሲ በራሱ ድርቅ ያለ፣ የውሃ ቧንቧ የሚሠራበት ፕላስቲክ ነው። እንደ ጎማ እንዲተጣጠፍ ማለስለሻ ይጨመርበታል፤ አንዳንድ ጊዜ ከመጫወቻው ክብደት ሲሶ ያህሉ ይኸው ማለስለሻ ነው። ለረጅም ጊዜ ለዚህ ሲያገለግሉ የኖሩት ፍታሌት የተባሉት ቅባት መሰል ፈሳሾች ናቸው። እነርሱ ደግሞ ይህ ነው የሚባል ሽታ የላቸውም፤ በሁለት ቀን ንፋስም አይወጡም።

ችግሩ ማለስለሻው ከፕላስቲኩ ጋር በኬሚካል ያልተሳሰረ መሆኑ ነው፤ ውሃ በስፖንጅ ውስጥ እንደሚቀመጥ በመካከሉ ተቀምጧል እንጂ አልተዋሐደም። ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ለስላሳ የፒቪሲ አሻንጉሊት በግልጽ ደረቅ ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ለወራት ተኝቶ ሲነሣ፣ የሣጥኑ ወለል አሻንጉሊቱ በተኛበት ቅርጽ ልክ ቀልጦና ተጣብቆ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ያቀለጠው ሙቀት ሳይሆን ከአሻንጉሊቱ ወጥቶ ወደ ሣጥኑ የገባው ማለስለሻ ነው። ያረጀ ላስቲክ እጅ ላይ የሚያጣብቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሕፃን ምራቅና ድድ ደግሞ ከሣጥን ይልቅ ብርቱ ናቸው፤ እያኘከ፣ እየመጠመጠ፣ እያሞቀ ያወጣዋል።

በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች አንዳንድ ፍታሌቶች የወንድ ሽል ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን ማምረቱን በመቀነስ በመራቢያ አካላት አፈጣጠር ላይ ጉድለት አስከትለዋል። በሰዎች ላይ የተደረጉት ጥናቶች የሚያሳዩት ተዛምዶን ነው፤ ያንኑ ያህል በቀጥታ የተረጋገጠ የምክንያትና ውጤት ግንኙነት አይደለም። ነገር ግን ከእንስሳቱ ውጤት ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ በመሆናቸው ሕግ አውጪዎች ሙሉ ማረጋገጫ እስኪገኝ አልጠበቁም። የአውሮፓ ኅብረት በ1999 በጊዜያዊነት፣ በ2005 ደግሞ በቋሚ ሕግ፣ አሜሪካ በ2008 ዋና ዋናዎቹ ፍታሌቶች በልጆች መጫወቻ ውስጥ ከክብደቱ 0.1 በመቶ እንዳይበልጡ ወስነዋል። ጉዳቱ በማኅፀን ውስጥ ባለ ሽል ላይ የበረታ ስለሆነ፣ ስለ ልጅ መጫወቻ ብቻ አስቦ የነፍሰ ጡሯን ነገር መርሳት አይገባም።

ለእርስዎ የምመክረው እንስሳቱን ከአፉ እንዲያርቁና ለማኘኪያ ሌላ እንዲሰጡት ነው። ከሲሊኮን፣ ከተፈጥሮ ጎማ ወይም ቀለም ካልተቀባ ጠንካራ እንጨት የተሠራ መንከሻ እንዲህ ያለ ማለስለሻ አያስፈልገውም። «ፍታሌት የለውም» የሚል ጽሑፍ ካለው አምራች ቢገዙም ልስላሴው ከየት እንደመጣ መጠየቅ አይከፋም። ሆዱ ተጨብጦ ውሃ የሚረጨውን መጫወቻ ደግሞ ስለ ኬሚካሉ ባይሆን እንኳ በቀዳዳው ገብቶ የቀረው ውሃ ሻጋታ ስለሚያበቅል በየጊዜው መተካት ይገባል።

ጥያቄ፦ የልጆቼን መጫወቻ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሣጥን አስቀምጬ ኖሬያለሁ፤ ቢጫና ቀይ ቀለማቸው እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ለሁለት ዓመት የልጅ ልጄ ባወጣቸው ልጄ ተቆጣችኝ። «እናንተ በእነዚህ ተጫውታችሁ አድጋችሁ ምን ሆናችሁ?» አልኋት። ባለፈው ሳምንት ሕፃኑ ሁለቱን ሲያኝክ ነው የዋለው። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እናታችን፣ በዚህ ነገር ልጅዎ ልክ ናት። እርስዎ ያደነቁት የቀለሙ አለመልቀቅ ራሱ አንዱ የጥርጣሬ ምክንያት ነው። በዚያ ዘመን ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ፕላስቲክ ለማግኘት ካድሚየም ከተባለው መርዛማ ብረት ወይም ከሊድ፣ ማለትም ከእርሳስ ማዕድን፣ የተሠሩ ቀለሞች ይጨመሩ ነበር፤ ሊድ ፒቪሲ በሙቀትና በብርሃን እንዳይበላሽ ለማድረግም ያገለግል ነበር። በእንግሊዝ የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 200 ያህል ያገለገሉ የፕላስቲክ መጫወቻዎችን መርምረው በ2018 ባወጡት ጽሑፍ፣ ካድሚየም፣ ሊድና ሌሎች ጎጂ ንጥረ ነገሮች በተለይ በቢጫ፣ በቀይና በጥቁር ፕላስቲኮች ላይ እንደሚበረክቱ አሳይተዋል። ዛሬ በአሜሪካ ለልጆች ዕቃ የተፈቀደው የሊድ መጠን በአንድ ኪሎ ግራም 100 ሚሊግራም ሲሆን ይህ ጣሪያ የተደረሰበት በ2011 ነው፤ የእርስዎ ሣጥን ከዚያ በብዙ ዓመት ይቀድማል።

ሊድ በዚህ ዓምድ ከተነሡት ነገሮች ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ነው። ሰውነት ከካልሲየም ጋር ስለሚያምታታው ወደ አጥንትና ወደ አንጎል ያስገባዋል። ትንሽ ልጅ ከዋጠው ሊድ ውስጥ ወደ ደሙ የሚገባው ከአዋቂ ሰው አራት አምስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የሊድ መጠን እስካሁን አልታወቀም ይላል። መጠኑ ዝቅተኛ ሲሆን ልጁ አያለቅስም፣ አያተኩስም፣ አይከሳም፤ ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ በትምህርት አቀባበሉ፣ በትኩረቱና በጠባዩ ላይ ነው። «ምን ሆናችሁ?» ለሚለው ጥያቄዎ መልሱም እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ልጅ ባይነካው ኖሮ ምን ያህል ይደርስ እንደነበር ማንም ለክቶ ሊነግረን አይችልም።

መጫወቻዎቹን መቀቀል ወይም በበረኪና ማጠብ አይረዳም፤ ሊድ ጀርም አይደለም። ሕፃኑ አንድ ቀን ስላኘከ ብቻ ትልቅ አደጋ ደርሷል ብዬ አላስደነግጥዎትም። ነገር ግን ወላጆቹ ሐኪም ሲያዩ ነገሩን አንሥተው የደም ሊድ ምርመራ እንዲያደርጉለት እመክራለሁ። በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2021 ጀምሮ በአንድ ዴሲሊትር ደም 3.5 ማይክሮግራም ሲደርስ የልጁ ጉዳይ ክትትል ያስፈልገዋል ይላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ባወጣው መመሪያ 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ይመክራል። ብረትና ካልሲየም የበዛበት ምግብ ሊድ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዝ ልጁ በደንብ መመገቡም አንዱ መከላከያ ነው። መጫወቻዎቹን ለማስታወሻ ማስቀመጥ ከፈለጉ ሕፃኑ በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ያድርጓቸው፤ የተሰነጣጠቀና የሚረግፍ ካለ ግን ብናኙ እጅና ወለል ላይ ስለሚቀር ማስወገዱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በፕላስቲክ ዕቃዎች ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈው ቁጥር ደኅናውን ከመጥፎው ለመለየት ይረዳል?

መልስ፦ በጥቂቱ ብቻ። ቁጥሩ የተፈጠረው የተጣለ ፕላስቲክን በዓይነቱ ለመለየት እንጂ ለጤና ማረጋገጫነት አይደለም። 3 ቁጥር ፒቪሲ፣ 6 ቁጥር ፖሊስታይሪን ነው፤ 7 ቁጥር «ሌሎች» ማለት ስለሆነ ፖሊካርቦኔትም ሌላም ሊሆን ይችላል። 2፣ 4 እና 5 ቁጥር ማለስለሻ የማያስፈልጋቸው በመሆኑ ምርጫ ሲኖር እነርሱ ይቀድማሉ። የትኛው ቀለምና የትኛው ተጨማሪ ኬሚካል እንደገባበት ግን ቁጥሩ አይናገርም፤ ብዙ መጫወቻዎችም ጭራሹኑ ቁጥር የላቸውም።

ጥያቄ፦ በመዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። ጥቁር ፕላስቲክ መጫወቻዎች ከተጣለ ኤሌክትሮኒክስ ይሠራሉ የሚል ነገር ሰምቼ ግራ ገባኝ። እውነት ነው? ክፍላችን ውስጥ ብዙ አሉ።

መልስ፦ ሁሉም አይደሉም፤ ነገሩ ግን ወሬ ብቻ አይደለም። የቴሌቪዥንና የኮምፒዩተር መያዣ እሳት ቶሎ እንዳይበላው ብሮሚን ያለባቸው እሳት ተከላካይ ኬሚካሎች ይጨመሩበት ነበር። ዕቃው ተጥሎ ፕላስቲኩ ተፈጭቶ እንደገና ሲቀልጥ ኬሚካሎቹም አብረው ወደ አዲሱ ዕቃ ያልፋሉ፤ ከየዓይነቱ የተቀላቀለ ቀለም የሚሸፈነውም በጥቁር ስለሆነ ውጤቱ ጥቁር ዕቃ ይሆናል። ከእነዚህ ኬሚካሎች ዋና ዋናዎቹ፣ በአካባቢ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ መርዛማ ኬሚካሎችን ለማስወገድ በተደረገው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት በ2009፣ በ2013 እና በ2017 እንዲወገዱ ተወስኗል፤ የታይሮይድ ሆርሞንን ሥራ ስለሚያውኩና የአንጎል ዕድገትን ስለሚጎዱ ነው። በአሮጌ ዕቃ በኩል ተመልሰው መምጣታቸው ግን አልቆመም።

ክፍልዎን በአንድ ቀን ባዶ ማድረግ አይጠበቅብዎትም። በመጀመሪያ ጠንካራ፣ ጥቁር፣ አምራቹ የማይታወቅና ሕፃናቱ አፋቸው ውስጥ የሚያስገቡትን ያውጡ። እነዚህ ኬሚካሎች ከዕቃው ተላቀው በአቧራ ላይ ስለሚያርፉ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፣ ሕፃናቱም ከምግብ በፊት እጃቸውን በውሃና በሳሙና እንዲታጠቡ ማድረግ ዕቃ ከመግዛት ያልተናነሰ ጥቅም አለው። ከፋብሪካ የመጣ ምልክትን በተመለከተ፣ የአውሮፓው የሲኢ (CE) ምልክት ለአብዛኛው መጫወቻ፣ ዕቃው የደኅንነት ደንቡን ያሟላል ብሎ አምራቹ በራሱ የሚሰጠው ቃል መሆኑን ይወቁ፤ ምልክቱ ያለው ሁሉ በሦስተኛ ወገን ተመርምሯል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ አሁን ሁለት ዓመቷ ነው። ዓመት ተኩል ሙሉ ወተቷን በፖሊካርቦኔት ኩባያ ሳጠጣት እንደነበር ያወቅሁት በቅርብ ነው፤ የምትወደው ሰማያዊ ኩባያ ነው፣ ትኩስ ወተት ነበር የማደርግበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሰውነቷን የሚያጸዳ መድኃኒት አለ? ምርመራስ ላስደርግላት?

መልስ፦ ቢስፌኖል ኤ በሰውነት ውስጥ የሚቆይ ነገር አይደለም። ጉበት ለውጦት በሽንት ያስወጣዋል፤ አንድ ጊዜ የገባው አብዛኛው ክፍል በአንድ ቀን ውስጥ ይወጣል። ፍታሌትም እንዲሁ ነው። በልጅዎ ሰውነት ውስጥ ቀድሞ የነበረው ከፍ ያለ መጠን ኩባያውን ባቆሙ በቀናት ውስጥ ወርዷል ማለት ነው፤ መድኃኒቱ ያው የወሰዱት እርምጃ ነው። ሰውነትን ያጸዳል ተብሎ የሚሸጥ ሽሮፕም ሆነ ቅጠል አይስጧት፤ በእነዚህ ነገሮች የተጎዱ ልጆች ጉበትና ኩላሊት ከኩባያው ይልቅ ያሳስበኛል። የሽንት ምርመራውም ያለፉትን ጥቂት ሰዓታት እንጂ ያለፈውን ዓመት ስለማይነግርዎ አላስፈላጊ ወጪ ነው። ከላይ ለአያቲቱ የመከርሁት የደም ምርመራ የተለየ ነው፤ ሊድ በአጥንት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ስለሚቆይና መጠኑ እጅግ ከፍ ካለ ሕክምናም ስላለው ነው።

ቀድሞ የገባው ምንም አላደረገም ብዬ ልማልልዎ አልችልም። ነገር ግን እነዚህ ጥናቶች በብዙ ሺህ ልጆች መካከል የሚታይ አነስተኛ ልዩነትን የሚለኩ ናቸው፤ ስለ አንዲት ልጅ የነገ ዕጣ ፈንታ የሚናገሩ አይደሉም። እድገቷ፣ ንግግሯና ጨዋታዋ ከዕድሜዋ ጋር የሚሄድ ከሆነ በተለመደው ክትትል ይቀጥሉ።

ቤትዎ ውስጥ ያለውን ፕላስቲክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመለወጥ መነሣት አያስፈልግም። ትኩስ ነገርና ቅባት የሚነካውን ያስቀድሙ፤ ወተት፣ ሾርባና ገንፎ የሚቀርብበትን በማይዝግ ብረት ወይም በመስታወት ይለውጡ። ቀዝቃዛ ውሃ የሚያዝበትና ደረቅ ነገር የሚቀመጥበት ሊቆይ ይችላል። ሰማያዊውን ኩባያ መጣሉ ካሳዘነዎት ልጅዎ በማትደርስበት ጠረጴዛ ላይ እስክሪብቶ ማስቀመጫ ያድርጉት።